ወደ ካንሰር ሴል የሚላከው የካርቦን ቱቦ፦ መግባቱስ ይገባል፣ መውጣቱስ?

ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ቀይ ነው። ደማቅ ቀይ። ነርሷ በስሪንጅ ይዛ፣ በደም ሥር በኩል ቀስ እያለች ትገፋዋለች። ዓይኗን መርፌው ከገባበት ቦታ አታነሳም። ትንሽ እንኳ ከደም ሥሩ ውጪ ቢፈስ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይገድለዋላ። ታካሚው በኋላ መጸዳጃ ቤት ሲገባ ሽንቱም ቀልቶ ያገኘዋል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ታካሚዎች «ቀዩ ሰይጣን» የሚል ስም አውጥተውለታል።

መድኃኒቱ ሥራውን ያውቃል። የሴሉ ዲኤንኤ መሃል ይሰነቀራል። ሴሉ ዲኤንኤውን ሲያባዛ የሚያግዘውን ኢንዛይም ያሽመደምደዋል። ሴሉ መባዛት ያቅተውና ይሞታል። ችግሩ ማንን እንደሚገድል አለመምረጡ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ሁሉ ይቀምሳታል። የፀጉር ሥር፣ የአፍ ውስጥ ሽፋን፣ ደም የሚመረትበት የአጥንት መቅኔ፣ ሁሉም። ልብ ደግሞ ሴሎቹ ባይባዙም ከጉዳቱ አያመልጥም። ስለዚህ ሐኪሞች አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ የሚወስደውን ጠቅላላ መጠን ይመዘግባሉ። በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም አካባቢ ሲደርስ ያቆማሉ። ዕጢው እየቀነሰ ቢሆንም ያቆማሉ። ልብ አይችልማ።

ነገሩን ካየነው መድኃኒት አልጠፋም። የጠፋው መልእክተኛ ነው። መድኃኒቱን ይዞ፣ መንገድ ላይ ሳያንጠባጥብ፣ ዕጢው ደጃፍ ላይ የሚያራግፍ መልእክተኛ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊክ ከመቶ ዓመት በፊት ጤነኛውን ሳይነካ በሽታውን ብቻ ለይቶ የሚመታ «ምትሃታዊ ጥይት» ያልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጥይቱ ብዙ እጩዎች ቀርበዋል። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ደጋግሞ ስሙ ከሚነሳው አንዱ ካርቦን ናኖቲዩብ ነው። በየጊዜው «የካንሰርን ሴል ለይቶ የሚያጠቃ የናኖ መሣሪያ ተሠራ» የሚል ዜና እናነባለን። እኔም እነዚህን ዜናዎች ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ። አንድ ነገር ግን ሁሌም ይከነክነኛል። ዜናው ቱቦው እንዴት እንደገባ በዝርዝር ይነግረናል። እንዴት እንደሚወጣ ግን ትንፍሽ አይልም።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከእርሳስ የተቀዳ ነገር

የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው። ግራፋይት እንደ ወረቀት የተደራረቡ የካርቦን አንሶላዎች ክምር ነው። እርሳሱ ወረቀት ላይ ሲፋቅ የሚቀረው ጥቁር መስመር ከክምሩ ላይ የተላጡ አንሶላዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዷን ነጠላ አንሶላ ጠቅልለን ጫፍና ጫፏን ብናገናኝ ቱቦ ይሆናል። ካርቦን ናኖቲዩብ ማለት ይኸው ነው። በተግባር ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይጠቀልልም። ካርቦን ያለበት ጋዝ በጣም በጋለ ምድጃ ውስጥ በብረት ቅንጣቶች ላይ ሲያልፍ ቱቦው ከቅንጣቱ ላይ እንደ ጢም ይበቅላል።

ስሙን ያስጠራው ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ ነው። በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ ቱቦዎቹን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳየ። ለፍትሕ ያህል፣ ሁለት የሶቪየት ሳይንቲስቶች በ1952 ተመሳሳይ ቱቦዎችን በፎቶ አውጥተው ነበር። በሩሲያኛ ስለተጻፈ ሌላው ዓለም ልብ ሳይለው ቀረ።

ባለ አንድ ግድግዳው ቱቦ ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ገደማ ነው። የዲኤንኤ ክር ውፍረት ራሱ 2 ናኖሜትር ነው። አንድ የፀጉር ዘለላ ወርድ ላይ ጎን ለጎን ቢደረደሩ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቱቦዎች ይይዛል። ርዝመታቸው ግን ሌላ ነው። ከመቶ ናኖሜትር ተነስቶ የዚያን መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ይህን የርዝመት ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ለመድኃኒት ሰዎች ያማለላቸው የገጹ ስፋት ነው። ግድግዳው አንድ አቶም ብቻ ስለሆነ የተደበቀ አቶም የለም። ሁሉም ውጪ ነው። አንድ ግራም ባለ አንድ ግድግዳ ናኖቲዩብ የውጪ ገጹ ቢዘረጋ በስሌት 1315 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሦስት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሜዳ ዕቃ የሚጫንበት ነው።

ራቁቱን የማይሄድ ተጓዥ

አሁን የላብራቶሪውን ጠረጴዛ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ አለ። ቁንጥር የናኖቲዩብ ዱቄት ጣሉበት። ጥላሸት ይመስላል። ብልቃጧን ክፉኛ አራግፏት። ለጥቂት ጊዜ ይጠቁራል። ከዚያ ጥቁሩ ነገር ተመልሶ ይጓጉላል፣ ከታች ይዘቅጣል፣ ውሃው ይጠራል። ካርቦኑ ውሃ አይወድም። ቱቦ ከቱቦ ጋር ደግሞ ይዋደዳል። ተቃቅፈው እንደ እንጨት ሸክም ይታሰራሉ።

ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ራቁቱን ናኖቲዩብ ወደ ደም ሥር ማስገባት ማለት ጥላሸት መርጨት ነው። ጓሉ ወደ ሳንባ ሄዶ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ይወትፋል። ላዩ ላይም ያገኘው ፕሮቲን ሁሉ ይለጠፍበታል። ነጭ የደም ሴሎች ወዲያው «ባዕድ ገባ!» ይላሉ። ከምድጃው የተረፈ የብረት፣ የኒኬል ወይም የኮባልት ቅሪትም አለ፤ ካልታጠበ እሱ ብቻውን መርዝ ነው።

ስለዚህ ልባስ ያስፈልገዋል። እንደኔ ከሆነ የዚህ ሳይንስ ዋናው ታሪክ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቱቦው ግንድ ነው። ሰውነት የሚያየው፣ የሚነካው፣ የሚቀበለው ወይም የሚያባርረው ግን ልባሱን ነው። ሁለት የምርምር ቡድኖች ያንኑ ቱቦ ይዘው በተለያየ ልባስ ፍጹም የማይገናኝ ውጤት የሚያገኙት በዚህ የተነሳ ነው።

ማልበሻው መንገድ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጠንከር ያለው ነው። ቱቦውን በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ መቀቀል። አሲዱ ግድግዳውን እዚህም እዚያም ይቦድሰዋል፤ በተቦደሰው ቦታ ላይ ሌላ ሞለኪውል በኬሚካል ትስስር ይተከላል። የተተከለው አይወልቅም። ቱቦውም ይቆራረጥና ያጥራል፣ ይህ ደግሞ ይጠቅማል። ኪሳራው ግድግዳው መጎዳቱ ነው። ብርሃን የመዋጥ ችሎታውን ያጣል።

ሁለተኛው ለስላሳው መንገድ መጠቅለል ነው። ግማሽ ጎኑ ስብ የሚወድ፣ ግማሽ ጎኑ ውሃ የሚወድ ሞለኪውል ይፈለጋል። ስብ ወዳዱ ጎን ካርቦኑን ያቅፋል፤ ውሃ ወዳዱ ወደ ውጪ ይንሳፈፋል። ዲኤንኤ እንኳ ቱቦውን እንደ ሐረግ እንደሚጠመጠምበት በ2003 ታይቷል። በብዛት የሚሠራበት ግን ፔግ የሚባለው ነው፤ ሙሉ ስሙ ፖሊኢትሊን ግላይኮል። ረጅም፣ የሚወዛወዝ፣ ውሃ ወዳድ ገመድ ነው። እንደ ፀጉር ቱቦው ላይ ይበቅልና ፕሮቲን እንዳይጠጋ ይከላከላል። ያቺን ብልቃጥ አሁን በፔግ ሞክሯት። ጥላሸቱ አይዘቅጥም። ቀለም ይሆናል፤ ወር ቢቀመጥም እንደጠቆረ ይቆያል። ለስላሳው ልባስ ግድግዳውን አይጎዳም። ግን ያልተሰፋ ልብስ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ ከፕሮቲን ጋር ሲጋፋ ሊወልቅ ይችላል።

ከፔጉ ጫፍ ላይ ደግሞ «መለያ» ይታሰራል። ፎሊክ አሲድ አንዱ ነው። እንደ ማሕፀን እንቁልጢ ካንሰር ያሉ አንዳንድ ካንሰሮች ሴሎቻቸው የፎሊክ አሲድ መቀበያ በብዛት ያወጣሉ፤ ለመባዛት ቫይታሚኑን አብዝተው ይፈልጉታል። ሌሎች ደግሞ ሃያሉሮኒክ አሲድ ያስራሉ፤ ብዙ የካንሰር ሴሎች ላይ የሚገኝ ሲዲ44 የሚባል ፕሮቲን ይይዘዋል።

አሁን ጭነቱ። ቀዩን ሰይጣን አስታውሱት። የዶክሶሩቢሲን ሞለኪውል ጠፍጣፋ ነው፤ ቀለበት ቀለበት ያለው ገጽ አለው። የናኖቲዩቡም ግድግዳ የቀለበቶች ድርድር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ እንደተደራረበ ሳህን ይጣበቃሉ። ማጣበቂያ ወይም ኬሚካዊ ትስስር አያስፈልግም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2007 እንዳሳዩት አንድ ግራም ናኖቲዩብ እስከ 4 ግራም ዶክሶሩቢሲን ይሸከማል። የራሱን ክብደት አራት እጥፍ! እንዲህ የሚሸከም መኪና ብናገኝ ትራንስፖርት በረከሰልን ነበር።

አወራረዱም ያምራል። ደም ትንሽ አልካላይን ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 7.4 ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል። እዚያ መድኃኒቱ እንደተጣበቀ ይቆያል። ዕጢ አካባቢ ግን አሲዳማ ነው፤ 6.5 አካባቢ ይወርዳል። ሴሉ ውስጥ ሊሶሶም የሚባለው ከረጢት ጋ ሲደርስ 5 ወይም ከዚያ በታች ነው። አሲድ ሲያገኘው ዶክሶሩቢሲን ይበልጥ ውሃ ወዳድ ይሆንና ግድግዳውን ለቆ ይሄዳል። ቁልፉን የያዘው አሲዱ ነው።

ወደ ሴሉ አገባቡን በተመለከተ ሁለት ወገን ነበር። ቱቦው እንደ መርፌ የሴሉን ሽፋን ወግቶ ይገባል የሚሉ ነበሩ። ሴሉ ራሱ በከረጢት ጠቅልሎ ይውጠዋል የሚሉም ነበሩ። ሁለቱም እንደ ቱቦውና እንደ ልባሱ ይታያል። ለመድኃኒቱ የሚጠቅመው መዋጡ ነው። ከረጢቱ መጨረሻው አሲዱ ዘንድ ነዋ።

አድራሻ ሳይሆን መንጠቆ

እስከዚህ ድረስ ሲነበብ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ዜናዎቹም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚያበቁት። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚያሰኘው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

መጀመሪያ «ኢላማውን ለይቶ ይሄዳል» የሚለው አባባል ያሳስታል። ቱቦው ሞተር የለውም። ጂፒኤስ የለውም። ፎሊክ አሲድ ስለታሰረበት ዕጢው ወዳለበት አቅጣጫ አይታጠፍም። ደም ወደወሰደው ይሄዳል፣ በቃ። መለያው ሥራ የሚጀምረው ቱቦው በአጋጣሚ የካንሰሩን ሴል ከነካ በኋላ ነው። ያኔ ይይዘዋል፣ አይለቀውም። መንጠቆ በሉት። መንጠቆ ደግሞ ዓሣው ወዳለበት ባሕር አይዋኝም።

ታዲያ ዕጢው ጋ የሚያደርሰው ምንድን ነው? በ1986 ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ ማትሱሙራና ማኤዳ፣ የዕጢ ደም ሥር እንደሚያፈስ አሳዩ። ዕጢ በጥድፊያ ነው የሚያድገው። የደም ሥሩም እንደ ጥድፊያ ግንባታ ስንጥቅ ይበዛዋል። የናኖ ቅንጣት በስንጥቁ ሾልኮ ይገባል። ፈሳሽ የሚያስወጣው የሊምፍ ቧንቧ ደግሞ በደንብ ስለማይሠራ ተመልሶ አይወጣም። የናኖ መድኃኒት ተስፋ ሁሉ በዚህ ስንጥቅ ላይ ቆሞ ኖሯል ማለት ይቻላል። አይጥ ላይ ስንጥቁ ሰፊ ነው። ሰው ላይ ከዕጢ ዕጢ፣ እንዲያውም በአንድ ዕጢ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

በ2016 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የአስር ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ ደመራቸው። ናኖቲዩብ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ዓይነት የናኖ ቅንጣት። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ከተወጋው ውስጥ ስንት እጁ ዕጢው ጋ ደረሰ? መካከለኛው መልስ 0.7 በመቶ ሆነ። ከሺህ ሰባት። ስሌቱን የተቹ ባለሙያዎች አሉ፤ መድኃኒት በደም ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ አላገናዘበም የሚሉ። ትችታቸው ሚዛን የሚደፋ ነው። ቢሆንም ቁጥሩ ብዙ ሰው አስደነገጠ። የቀረው የት ሄደ? አብዛኛው ጉበትና ጣፊያ። እነሱ የደም ማጣሪያዎች ናቸው፤ ባዕድ ነገር ለመልቀም የተሠሩ።

እዚህ ላይ ልባሱ እንደገና ይመጣል። በ2007 የስታንፎርዱ ቡድን አይጦች ላይ ሁለት ነገር አጣመረ፦ ረጅም የፔግ ገመድና አርጂዲ የሚባል መለያ። አርጂዲው ዕጢ ውስጥ ባሉ አዳዲስ የደም ሥሮችና በአንዳንድ የካንሰር ሴሎች ላይ የሚበዛ ፕሮቲን ይይዛል። ዕጢው ውስጥ የደረሰው በአንድ ግራም 13 በመቶ ገደማ ነበር። ትልቅ ውጤት ነው። ግን «በአንድ ግራም» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። የአይጥ ዕጢ ብዙ ጊዜ አንድ ግራም አይሞላም። ዕጢው ግማሽ ግራም ከሆነ የደረሰው ከተወጋው 6 ወይም 7 በመቶ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ 20 ግራም የምትመዝን አይጥ ላይ የግማሽ ግራም ዕጢ ማለት 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ላይ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሆነ ዕጢ ማለት ነው። የማንም ሐኪም ታካሚ እንዲህ ያለ ዕጢ ይዞ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። የሰው ዕጢ ከሰውነቱ አንፃር ትንሽ ነው፤ መንገዱም ረጅም ነው።

በ2008 ይኸው ቡድን ፓክሊታክሰል የተባለውን ሌላ መድኃኒት በፔግ በለበሰ ናኖቲዩብ ላይ አስሮ የጡት ካንሰር ላለባቸው አይጦች ሰጠ። ከተለመደው የመድኃኒቱ ዓይነት ጋር ሲነጻጸር ዕጢው ውስጥ የገባው አስር እጥፍ ሆነ። ይህን ማጣጣል አይገባም። መድኃኒቱ ያው ነው፣ መጠኑም አልጨመረም፤ አደራረሱ ብቻ ተለወጠ። ለዚህ ነው ሳይንቲስቶቹ ተስፋ ያልቆረጡት።

ፔግም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ከመዋቢያ ጀምሮ እስከ መድኃኒት ብዙ ነገር ውስጥ ስላለ ብዙ ሰው ገና ሳይታከም ፔግን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ውስጥ አለው። መጀመሪያ ሲሰጥ ደህና የነበረው በሁለተኛው ዙር ቶሎ ተለቅሞ ሊወገድ ይችላል። የማያስታውቅ ኮት አልብሳችሁ የላካችሁት መልእክተኛ ኮቱ ራሱ አሳበቀበት እንደማለት ነው።

መውጫው የት ነው?

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር መጣን። መድኃኒቱ ወረደ እንበል። የካንሰሩም ሴል ሞተ። ቱቦውስ? የዓለማችን ጠንካራ ከሚባሉ ነገሮች አንዱ ነው። እንደ ስኳር አይሟሟም፤ እንደ ስብ አይቃጠልም። ጉበት ውስጥ የቀረው የት ይሄዳል?

በ2008 የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሉበት ቡድን ያደረገው ሙከራ ዘርፉን አስደነገጠው። ረጅምና ቀጥ ያሉ ባለ ብዙ ግድግዳ (አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የተደራረበባቸው) ናኖቲዩቦችን አይጦች ሆድ ዕቃ ውስጥ አስገቡ። ያዩት ነገር አስቤስቶስ ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር ተመሳሰለ፦ ቁጣና ጠባሳ። አስቤስቶስ ሜሶቴሊዮማ የሚባለውን ክፉ ካንሰር የሚያመጣ የማዕድን ጭረት ነው። አጫጭሮቹና የተጠላለፉት ናኖቲዩቦች ግን ያንን አላደረጉም።

ምክንያቱ የመጠን ነገር ነው። ማክሮፌጅ የሚባለው ነጭ የደም ሴል ባዕድ ነገር ሲያገኝ ይውጣል። ቱቦው ከሴሉ ከረዘመ ግን ሙሉ በሙሉ መዋጥ አይችልም። ግማሹን ውጦ ግማሹ ከአፉ ወጥቶ ይቀራል። መትፋትም መዋጥም አቅቶት ከረጢቱ አይዘጋም። ውስጡ የነበረው የሚያበላሽ ኢንዛይም ወደ ውጪ ይፈስሳል። ሌሎች ሴሎችን ለእርዳታ ይጠራል። እነሱም ይመጡና ያው ይገጥማቸዋል። ይህ ለዓመታት ከቀጠለ የቆሰለው ቦታ ካንሰር ሊያፈራ ይችላል። ካንሰር ለማከም የተላከ ነገር ካንሰር ቢያመጣ ምን ይባላል? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2014 አንድ የተወሰነ ባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቲዩብ በሰው ላይ ካንሰር «ሊያመጣ ይችላል» በሚለው መደብ ውስጥ አስገባው። ሌሎቹን ግን በቂ ማስረጃ ስለሌለ ለመመደብ አልቻለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ይቀላቅላል። «ናኖቲዩብ እንደ አስቤስቶስ ነው» ብሎ መደምደም «ብረት ሰው ይገድላል» እንደማለት ነው። ቢላም ብረት ነው፣ ማንኪያም ብረት ነው። ርዝመቱ፣ ግትርነቱ፣ ንጽሕናውና ልባሱ ይወስናል። አጭር፣ በደንብ የለበሰ፣ የማይጓጉል ቱቦ ሌላ ባሕርይ አለው።

ይህንንም የሚደግፉ ሁለት የ2010 ሥራዎች አሉ፤ ሁለቱንም ስወዳቸው ለጉድ ነው። የመጀመሪያው ኒውዮርክ ካለው የስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል የወጣ ነው። ኩላሊት ደም ሲያጣራ የሚያሳልፈው ትንንሹን ብቻ ነው። ናኖቲዩቡ ደግሞ ከማጣሪያው ልክ በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ርዝመቱ ከ100 እስከ 500 ናኖሜትር ነበር። በሕጉ ማለፍ የለበትም። አለፈ። ደም ሲፈስ ቱቦው እንደ ወንዝ ላይ ግንድ ከፍሰቱ ጋር ይስተካከላል። ቀዳዳው ጋ ሲደርስ በጫፉ ይገጥመዋል። ጫፉ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ሾልኮ ሽንት ውስጥ ገባ። መርፌ በጨርቅ እንደሚያልፈው ነው። ይህ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ ቱቦ ለብቻው ሲሆን ነው። ልባሱ ከለቀቀና ቱቦዎቹ ከተቃቀፉ በሩ ተዘጋ።

ሁለተኛው የፒትስበርጉ ቫለሪያን ካጋንና ባልደረቦቹ ሥራ ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያ የሚገድሉበት ማየሎፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም አላቸው። ይህ ኢንዛይም የናኖቲዩብን ግድግዳ ቀስ እያለ እንደሚበላው አሳዩ። ተበልቶ የተረፈው አይጦች ሳንባ ውስጥ ሲገባም ቁጣ አላስነሳም። አይፈርስም የተባለው ነገር ፈረሰ።

ጥሩ ዜና ነው። ብቻ ውስጡ አንድ ቅራኔ አለ። ቱቦው እንዳይታይ አድርጎ የሚያለብሰው ኮት፣ ሊያፈርሱት ከሚችሉት ሴሎችም ይደብቀዋል። መንገድ ላይ ጥብቅ ሆኖ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚወልቅ ልባስ ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ማስማማት ቀላል አይደለም።

ተወዳዳሪው እየቀደመ ነው

እስካሁን በካርቦን ናኖቲዩብ ተጭኖ ለታካሚ እንዲሰጥ የጸደቀ የካንሰር መድኃኒት የለም። በዚህ መሃል ሌሎቹ ሄደዋል። ያው ዶክሶሩቢሲን በስብ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ፔግ ለብሶ፣ በ1995 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። ልብን የሚጎዳው በእጅጉ ያነሰ ነው። የስብ ከረጢት ከናኖቲዩብ ያነሰ ይሸከማል። ግን ስብን ሰውነት ያውቀዋል። ይፈታዋል፣ ይጠቀምበታል፣ ነገሩ ያልቃል። መውጫው የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል ላይ መድኃኒት አስሮ የሚልከው ስልት መጣ። ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን የተባለው በ2019 ጸድቆ በጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል።

ናኖቲዩብ ሌላም የፋብሪካ ችግር አለበት። መድኃኒት ተቆጣጣሪ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል አንድ መልስ ይፈልጋል። የናኖቲዩብ ዱቄት ግን አንድ ነገር አይደለም። ረጅምና አጭር፣ ወፍራምና ቀጭን፣ የተለያየ አጠቃለል ያላቸው ቱቦዎች ቅልቅል ነው። ዛሬ የተመረተውና ለከርሞ የሚመረተው አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ፈተና ነው።

ስለዚህ እንደኔ እንደኔ፣ ናኖቲዩብ «የመድኃኒት መኪና» ሆኖ ብቻ ከቀረበ ይሸነፋል። ሊያሸንፍ የሚችለው ስብም ፀረ እንግዳ አካልም የማይችሉትን ሲሠራ ነው። አንዱ ሙቀት ነው። ቱቦው ከዓይን ውጪ ያለ ቀይ አዘል ብርሃን ይውጥና ይግላል። የእኛ ሥጋ ያንን ብርሃን ብዙም አይውጥም። በ2005 የስታንፎርድ ሰዎች ፎሊክ አሲድ ያለበሱትን ናኖቲዩብ ሴሎች ላይ ጨምረው በ808 ናኖሜትር ሌዘር አበሩበት። የፎሊክ አሲድ መቀበያ የበዛባቸው ሴሎች ሞቱ፤ ሌሎቹ ተረፉ። ሌዘሩ ግን ጥልቅ አይገባም። ቆዳ ሥር ወይም ሐኪሙ በቀጭን የመስታወት ክር ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ያለ ዕጢ ብቻ ነው የሚሆንለት።

ሌላው ብዙም የማይወራለት ነው። ባለ አንድ ግድግዳ ናኖቲዩብ በዚያው በማይታይ ብርሃን ያበራል፤ ልባሱን አንድ ነገር ሲነካው የብርሃኑ ቀለም ትንሽ ይለወጣል። የስሎን ኬተሪንግ ተመራማሪዎች በ2018 ይህን ተጠቅመው የማሕፀን እንቁልጢ ካንሰር የሚያወጣውን ኤችኢ4 የተባለ ፕሮቲን በሕይወት ባሉ አይጦች ውስጥ ለዩ። ቱቦዎቹን ደም ውስጥ አልረጩም። ፕሮቲን የሚያሳልፍ፣ ቱቦ የማያሳልፍ ትንሽዬ ክፍል ውስጥ ዘግተው አይጧ ሆድ ውስጥ አስቀመጡት። ከውጪ ብርሃን ሲሰጡት ቀለሙን ያነባሉ። ሥራው ሲያልቅ ክፍሉን እንዳለ ማውጣት ነው።